የኖና ነጭ መስመር

«ሳቡ! ኧረ ሳቡ፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ!»

አሥር ጀልባዎች ገመዳቸውን ወጥረው አሮጌዋን መርከብ ኖናን ከአርሴናል፣ ከከተማዋ የመርከብ መሥሪያ ግቢ፣ እየጎተቱ አወጧት። በበሩ ሁለት ማማዎች መካከል ስታልፍ በግራም በቀኝም የቀረው ክፍተት ለአንድ ሰው ትከሻ አይበቃም። የአናጢዎቹ አለቃ ቦርቶሎ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ግንቡ ጎኗን እንዳይፍቃት እጁን ዘርግቷል።

«በእጁ ሊገፋው ነው እንዴ፣ ግንቡን?» አለች ካሳንድራ እየሳቀች።

«ተዪው» አለች ኦርሴታ። «አባቱ የሠሯት መርከብ ናት። ድንጋይ ከሚነካት እሱን ቢነካው ይመርጣል።»

ኦርሴታ የቦርቶሎ ሚስት ናት። እሷና ካሳንድራ በአርሴናል የሸራ ሰፊዎች አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያረጁ ሴቶች ናቸው። አዲስ ሸራ ባሕር ላይ በሚፈተንበት ቀን ሰፊዎቹ መርፌና ሰም የተቀባ ክር ይዘው ይወጣሉ፤ ስፌት ቢተረተር እዚያው ለመያዝ። ስለዚህ ሁለቱም ከትልቁ ምሰሶ ሥር ሻርፓቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የኦርሴታ ዓይን ግን ሸራው ላይ አልነበረም። በቀኝ በኩል፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ የመርከቧ አናጢ የሚቆምበትን ቦታ ነበር የምታየው። እዚያ መዶሻውን ከወገቡ ሰክቶ የቆመው ማፊዮ ነው፤ ያላት አንድ ልጅ።

የመርከቧ የክርስትና ስም ሳንታ ፎስካ፣ ማለትም ቅድስት ፎስካ፣ ነው። ኖና፣ ማለትም አያት፣ ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው። በወጣትነቷ ከእስክንድርያ በርበሬና ቅርንፉድ ታመላልስ ነበር። በኋላ ነጋዴዎቹ ብዙ ቀዛፊ የማይፈልጉ፣ በሸራ ብቻ የሚሄዱ መርከቦችን ወደዱ፤ ኖናም ከጣሪያ ሥር ገብታ ተረሳች። እርግቦች ጎጆ ሠሩባት። ሠራተኛው ምሳውን ከጥላዋ ሥር ይበላል። ቦርቶሎ ኦርሴታን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገራት ከዚች መርከብ ሆድ ሥር ነው፤ ዝናብ ይዘንብ ነበርና ሁለቱም መጠለያ ፈልገው ገቡ። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልወጡም።

ቱርክ ቆጵሮስ ላይ በወረደ ጊዜ አርሴናል ኖናን ፈልጦ እንጨቷንና ምስማሯን ለአዳዲሶቹ መርከቦች ሊያውለው ነበር። ቦርቶሎ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከአርሴናል ጌቶች ፊት ቀረበ።

«ቀጫጭኖቹ የጦር መርከቦች ትልልቅ መድፍ የሚሸከሙት ከፊታቸው ብቻ ነው» አላቸው። «የኖና ሆድ ሰፊ ነው። ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከኋላም ትሸከማለች። ቁመቷም ረጅም ነው፤ ጠላት በቀላሉ ዘሎ አይወጣባትም።»

«ትሮጣለች?» አሉት።

«አትሮጥም፣ ጌቶቼ። ነፋስ ሲጠፋ ሌሎች ይጎትቷታል።»

ሳቁበት። ግን ጊዜው የችግር ጊዜ ስለነበር እስከ ፀደይ ፈቀዱለት።

ቤት ሲገባ የጠበቀው ግን ሳቅ አልነበረም። ማፊዮ በኖና አናጢነት መመደቡን የሰማችው ኦርሴታ የባቄላውን ድስት ከምድጃው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ልጄን በተጎታች?»

«ኦርሴ፣ ስሚኝ። መርከብ ማለት እንደ ድሃ ቤት ነው። ለአንዱ ልጅ ካፖርት ስትገዢ ሌላው ጫማ ያጣል። ለቀጫጭኖቹ ያለንን ሁሉ ለእግራቸው ሰጠን፣ ለጎናቸው የተረፈ የለም። ለኖና ደግሞ ለጎኗና ለቁመቷ ሰጠን፣ እግሯን ነሣናት። ሁሉን የምትሰጪያት መርከብ የለችም።»

«እኔ እግር ያለውን ነው የምፈልገው። ክፉ ሲመጣ የሚሮጥ።»

«ከጥይት ማን ይሮጣል?»

«ቁጭ ብሎ ከሚጠብቅ የሮጠ ይሻላል!»

ማፊዮ ባቄላውን እየበላ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እናቱን ያያል። «ድስቱ አልተሰበረም እኮ» አለ በመጨረሻ። «እሱም ከባድ ስለሆነ ነው።» አባቱ ሳቀ። እናቱ በማንኪያ እጁን መታችው።

ነገሩን ተቀበለች፤ ግን በዋጋ። ልጇ በሚቆምበት በኩል ከመርከቧ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል፣ እንደ በር የሰፋ የሱፍ ፍራሽ ልትሰፋ። ቀስት ቢመጣ ሱፉ ይውጠዋል። «አንድ ፍራሽ ብቻ» አለ ቦርቶሎ። ዳሩ ግን ይህን ካሳንድራ ሰማች፤ ባሏ ቀዛፊ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ሰሙ። ሁሉም ሰፉ። ኖና በቀኝና በግራዋ ፍራሽ ተደርድሮባት የእጥበት ቀን መሰለች። ኦርሴታ በራሷ ፍራሽ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ዓሣ ጠልፋበታለች፤ ማፊዮ ሕፃን ሳለ መጠቅለያው ላይ የነበረችውን ዓሣ።

ቦርቶሎ በሁለቱም ጎኗ ላይ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እጅ የሚያህል ነጭ መስመር ቀብቶ ነበር። «ውሃው ከዚህ መስመር በታች ከዋለ ኖና መርከብ ናት» አለ። «ካለፈው ግን ግንድ ናት።»

ጀልባዎቹ ገመዳቸውን ፈተው ሲለቋት ቀዛፊዎቹ ተነሡ። ሰባት ሰባት ሰው አንድ መቅዘፊያ ይዞ በአንድ ትንፋሽ ሳበ። ኖና ቃተተች፤ ቀስ ብላም ተንቀሳቀሰች። በሊዶ አሸዋ አጠገብ አልፋ ወደ ዋናው ባሕር ስትወጣ ከሰሜን ምሥራቅ ቦራው ተነሣ። ይህ ነፋስ ሲመጣ ዝናቡ ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚገርፈው። ያን ቀን የገረፈው ቀኝ ጎኗን ነበር።

አጠገባቸው አንዲት ቀጭን መርከብ፣ ለእርዳታ የተላከች፣ እንደ ዋናተኛ ውሻ ቀለል ብላ ትዞራቸዋለች። ከእሷ ላይ ጩኸት ተነሣ።

«ኖና! ምርኩዝሽን የት ጣልሽው?»

«አልጋሽን ተሸክመሽ ነው እንዴ የወጣሽው? ልትተኚ ነው?»

ማፊዮ ከጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ መለሰላቸው። «እናንተስ መርከብ አጥታችሁ ነው በአሳማ ገንዳ የመጣችሁት?»

የሁለቱም መርከብ ቀዛፊዎች ሳቁ። ቦርቶሎ አልሳቀም። ከጠርዙ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ያያል። ነጩ መስመር የለም። ከውሃው ሥር ነው።

ፍራሾቹ ዝናቡን ጠጡ። ሱፍ ውሃ ሲጠጣ ማቆሚያ የለውም። ኖና ወደ ቀኝ ዘመመች፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ካሳንድራ ክሯን የምታኖርበት ሣጥን ራሱ እስኪንሸራተት ድረስ። አንድ ማዕበል መጥቶ በመቅዘፊያዎቹ ማውጫ ገባ። ቀዛፊዎቹ ጮኹ። ከመካከላቸው የተተከለው መድፍ እንጨቱ እየተንቋቋ መንሸራተት ጀመረ።

«ሽብልቅ! ሽብልቅ አምጡ!» ብሎ ማፊዮ የእንጨት ማገጃ ይዞ ከመንኰራኩሩ ሥር ተወረወረ። ውሃው ዋጠው። የመዶሻ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝም። ቀጥሎ ራሱ ብቅ አለ፤ ፀጉሩ ፊቱ ላይ ተለጥፎ።

«ቆማለች!» አለ። «እኔም ቆሜያለሁ፣ እማዬ፤ መርፌውን ከእጅሽ አውጪው።»

ኦርሴታ ያኔ ነው እጇን ያየችው። መርፌው መዳፏ ውስጥ ተሰክቶ ነበር።

የመርከቧ አዛዥ እንዲሆኑ የተሾሙት ጌታ ፋንቲን ወጣት ባላባት ናቸው፤ ሆዳቸው ማዕበል ስለማይወድ ቀኑን ሙሉ የእንስላል ፍሬ ያኝካሉ። መልሕቅ እንዲጣል አዘዙና ቦርቶሎን ጠሩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት።

«አለቃ፣ መስመርህ የት አለ?»

«ከውሃ በታች ነው፣ ጌታዬ።»

«መስመሩን የቀባኸው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም። የማታ ጸሎት ደወል ሳይደወል ካላየሁት መርከቧ ትፈረስ ብዬ እናገራለሁ። ሦስት መቶ ሰው በግንድ ላይ አልጭንም።»

«እኛስ፣ ጌታዬ?» አለ ማፊዮ ውሃውን ከልብሱ እየጨመቀ።

«በቀጫጭኖቹ ላይ ትደለደላላችሁ። አንተን የመሰለ አናጢ ሁሉም ይፈልጋል።»

ኦርሴታ ሰማች። ክረምቱን ሙሉ በየምሽቱ ሻማ እያበራች የለመነችው ይህንኑ ነበር።

ካሳንድራ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ሰመረልሽ» አለች በሹክሹክታ። «ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፤ ልጅሽ ወደ ፈጣኗ ይዛወራል።»

ኦርሴታ ቁጭ አለች። ባሏን ግን ታየዋለች። ቦርቶሎ ባርኔጣው ዝናብ እያንጠባጠበ ከሰው ሰው ይዞራል።

«ማን ምን ጨመረ?» አለ። «ሒሳቤ ትክክል ነበር። የተጨመረ ነገር አለ።»

ሁሉም ሰማይ ሰማይ አየ።

«ናዳል!» አለ ቦርቶሎ። ናዳል የመርከቧን ስንጥቅ በቃጫና በዝፍት የሚደፍነው ሰው ነው፤ ማፊዮን ክርስትና ያነሣውም እሱ ነው። «ስንት ጊዜ ነው ዝፍት የቀባኸው?»

«እኔ? እንደተባልኩት ነዋ።»

«አበልጅ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

«... ሦስት ጊዜ።»

«አንድ ነበር ያልኩህ!»

«የእህቴ ልጅ እኮ ነው እዚያ የሚቀዝፈው! ጎኑ ይድረቅለት ብዬ ነው።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «እኔን ብቻ ምን ታየኛለህ? የመልሕቁን ገመድ እየው! ጭኔን ያክላል!»

ገመድ ሠሪው ተቆጣ። «ወንድሜ የሚታመንበት ገመድ ነው! ይልቅ የብስኩቱን በርሜሎች ቁጠሩ!»

«ለተራበ ሰው ብስኩት ይበዛበታል እንዴ?» አለ በርሜሎቹን የጫነው ሰው። «የእኔን አውርዳችሁ ኖና ላባ የምትሆን ከሆነ አውርዱት። ቅርጽ አውጪውስ? ከኋላዋ የሰቀላት የቅድስት ፎስካ ምስል የሁለት በሬ ክብደት አላት!»

«ቅድስቲቱን አትንካ!» አለ ቅርጽ አውጪው።

ሁሉም የሌላውን ያያል። ሁሉም ያመጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ሁሉም የጨመረው ለአንድ ሰው ብሎ ነው። የራሱን የሚያወርድ አልተገኘም። ቦርቶሎ ከምሰሶው ተደግፎ ቆመ። ኦርሴታ ባሏ አርጅቶ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መካከል ቀጭኗ መርከብ መጎተቻ ገመድ ልታቀብል ተጠጋች። ከኖና ቀኝ ጎን ሥር ስትቆም ኦርሴታ ክር ለመቁረጥ ያወጣችውን መቀስ እንደያዘች ከጠርዙ ዘንበል ብላ አየች። ቀጭን የጦር መርከብን ከላይ ወደ ታች አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከወደብ ዳር ሆና ነው የምታያቸው፤ ከዳር ሲያዩአቸው ደግሞ ያምራሉ። አሁን የሰዎቹን አናት አየች። የተላጨ ራስ፣ እርጥብ ትከሻ፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ቁራሽ ብስኩትና ሽንኩርት። ባሕሩ ከክርናቸው ሥር ነው። በእነሱና በእሷ መካከል ከዝናቡ በቀር ምንም የለም። በቅርቧ ያለው ልጅ የማፊዮ እኩያ ይሆናል። ጆሮው ሰፊ ነው። ድንጋይ ብትለቅ አናቱን ታገኘዋለች።

ልጁ ቀና አለ። «እናቴ» አላት እየሳቀ፣ «ኧረ መቀስሽን እንዳትጥይብኝ!»

ኦርሴታ መቀሱን ያዝ አደረገች። እሷ በቆመችበት ቦታ ቱርክ ቢቆም ምን እንደሚለቅ አሰበች። ከዚያ ዞር ብላ የኖናን ጠርዝ አየች፤ የዘመመውን፣ ወደ ውሃው የወረደውን። ይህን ከፍታ ነበር ባሏ በባቄላው ድስት ላይ ሊነግራት የሞከረው። ይህን ከፍታ ነበር እሷ በሱፍ ያወረደችው።

ተነሥታ ወደ ማፊዮ ቦታ ሄደች። ቀይ ዓሣ ያለበትን ፍራሽ ገመድ በመቀሷ መቁረጥ ጀመረች።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ካፖርትህን እያወለቅሁ ነው። ያዝልኝ፤ ይከብዳል።»

ማፊዮ ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ውሃ የጠጣው ፍራሽ ከእጁ አምልጦ ቁልቁል ወረደና ጆሮ ሰፊውን ልጅ ከነሽንኩርቱ አለበሰው።

«ብያለሁ እኮ!» የሚል የታፈነ ድምፅ ከሥሩ ወጣ።

ዝናቡ እየዘነበ የሁለቱም መርከብ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኦርሴታ አልሳቀችም። «ካሳንድራ» አለች ዞር ብላ፣ «የባልሽ ፍራሽ የቱ ነው?»

ካሳንድራ የተደረደሩትን ፍራሾች አየች። ከዚያ ከኪሷ የራሷን መቀስ አወጣች። «የእኔ ባል ፍራሽ ደግሞ ዓሣም የለበትም» ብላ ተነሣች።

ፍራሾቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ኖና ቀና አለች፤ መስመሩ ግን ገና አልታየም። ቦርቶሎ ሚስቱን አየና መጋዝ አነሣ። ከማፊዮ መቆሚያ አጠገብ ተንበረከከ። እዚያ፣ ከውስጥ በኩል፣ በደባል የተቸነከረ ወፍራም የባሉጥ እንጨት ሳንቃ ነበር። በሌላ ቦታ የሌለ፣ እዚያ ብቻ።

«ቦርቶሎ» አለች ኦርሴታ።

«ዝም በይ፣ ኦርሴ።»

«አንተም?»

መጋዙን ሳበ። ጆሮው እስከ ሥሩ ቀልቷል።

«መቼ ነው የቸነከርከው?»

«እሁድ።»

«እሁድ ቅዳሴ ሄጄ ነበር አላልከኝም?»

«ሄጄ ነበር። ከቅዳሴ በፊት ነው የቸነከርኩት።»

«አንድ ፍራሽ ብቻ ያልከኝ አንተ ነህ?»

«ከፍራሽ ሳንቃ ይሻላል ብዬ ነዋ» አለና ራሱ ሳቁ አመለጠው። እሷም ጎኑ ተንበርክካ የሳንቃውን ሌላ ጫፍ ያዘች። ማፊዮ ሁለቱንም አየና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። «ሰው ያየኛል እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን አልተቆጣም።

አለቃው የገዛ ሳንቃውን ሲቆርጥ ያየ ሁሉ ተነሣ። ገመድ ሠሪው ከገመዱ ግማሹን ለቀጭኗ መርከብ አቀበለ። የብስኩቱ በርሜሎችም ወደ እሷ ተንከባለሉ። ቅርጽ አውጪው ቅድስቲቱን አልነካም፤ ከግራና ከቀኟ የቆሙትን ሁለት መላእክት ግን ይቅርታ እየጠየቀ ነቀላቸው።

«የእኔ ዝፍትስ?» አለ ናዳል። «ልፋቀው?»

«ዝፍቱ ይቅር» አለ ቦርቶሎ። «የእህትህ ልጅ ይልበሰው።»

ጌታ ፋንቲን የእንስላሉን ፍሬ ተፍተው ከጠርዙ ተጎነበሱ። ውሃው ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። በወረደ ጊዜ አንድ ጣት የምታህል ነጭ ነገር ብልጭ አለች። ማዕበሉ ሸፈናት። እንደገና ብልጭ አለች፤ አሁን ሁለት ጣት ሆና።

«አረፋ ነው?» አሉ አዛዡ።

«ቀለም ነው፣ ጌታዬ» አለ ቦርቶሎ።

አዛዡ ሦስተኛውን ማዕበል ጠበቁ። አራተኛውንም። «ቀለም ነው» አሉና መልሕቁ እንዲነሣ አዘዙ። የማታው ደወል ሲደወል ኖና በራሷ መቅዘፊያ፣ ያለ ጎታች፣ እንደ በሬ ቀስ ብላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

ያን ምሽት ባልና ሚስት ከቀጭኗ መርከብ የተቀበሉትን እርጥብ ፍራሽ በየድልድዩ እያሳረፉ ተሸከሙት። «በምን ሞልተሽው ነው?» አላት ቦርቶሎ እያለከለከ። «በሱፍ» አለች። ከሦስተኛው ድልድይ በኋላ «በልጅነት ሸሚዙም» አለች። ቤት ሲደርሱ ቀዩን ዓሣ በመቀስ ቆርጣ ለማፊዮ ሰጠችው። እሱም እንደ ወርቅ ሻጭ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይመዝናል?» አለች እየተጨነቀች።

«አይመዝንም፣ እማዬ» አለና ከሸሚዙ ሥር፣ ደረቱ ላይ ከተተው።

ፍራሹ ሳይደርቅ ኖና ወደ ጦርነቱ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሴቱ ሁሉ በወደቡ ዳር ተሰለፈ፤ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው፣ ሻርፓቸውን እያውለበለቡ የየራሳቸውን ሰው ፊት ይፈልጋሉ።

«ያውና!» አለች ካሳንድራ ክንዷን እየሳበች። «ማፊዮ! ከጠርዙ ላይ! እዪው እንጂ፣ እጁን እያወዛወዘልሽ ነው!»

«ቆይ» አለች ኦርሴታ።

ዓይኗ ወደ ታች፣ ከውሃው ጋር ነበር። መርከቧ ስታልፍ ከአፍንጫዋ ጀምራ እስከ ኋላዋ ተከተለቻት፤ በስፌት ላይ ጣቷን እንደምትስድ። መስመሩ ነጭ ነው። ሁለት ጣት ሙሉ ከውሃው በላይ ነው። የትም አልተቋረጠም።

ከዚያ በኋላ ቀና ብላ ልጇን ፈለገች።